ከሎህ እስከ ፈተና ወረቀት፦ ሼክ ዛይድና የአል አይን ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1959 በአል አይን አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አል ናህያኒያ የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ተቋም በከተማዋ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ያቋቋሙትም በጊዜው የአካባቢው አስተዳዳሪ የነበሩት ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ናቸው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአል አይን ልጅ በክፍል የሚመደብ፣ በስም ጥሪ የሚቆጠርና በፈተና የሚመዘን ተማሪ ሆነ። መሥራቹ ግን በልጅነታቸው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። የፈተና ወረቀት አልተሰጣቸውም፤ ውጤታቸውም በሰርተፊኬት ተጽፎ ለእናታቸው አልደረሰም።

አንድ ሰው ራሱ ያልተመዘነበትን ሚዛን ለአገሩ ልጆች ሲያመጣ፣ እርሱን ያሳደገውን የቀድሞውን ሚዛን ምን ያደርገዋል? የተባበሩት አረብ ኤምሬትስን መሥራች አባት የሕይወት ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል መመልከት ስለ አንድ መሪ ብቻ ሳይሆን፣ የልጅ እድገትና ትምህርት በምን ይለካል ስለሚለው ጉዳይም ብዙ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት በቤተ መንግሥትና በበረሃ

ሼክ ዛይድ በ1918 በአቡ ዳቢ እንደተወለዱ ይነገራል። ከአራት ወንድማማቾች የመጨረሻው ነበሩ። ስማቸው የተወሰደው ከ1855 እስከ 1909 አቡ ዳቢን ከገዙትና ታላቁ ዛይድ ተብለው ከሚታወሱት አያታቸው ነው። አባታቸው ሼክ ሱልጣን ከ1922 እስከ 1926 ገዢ ሆነው ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ዛይድ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ሼካ ሰላማ ቢንት ቡጢ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ወንድም በወንድሙ ላይ እጁን እንዳያነሳ ቃል አስገቧቸው። በ1928 ታላቅ ወንድማቸው ሼክ ሸኽቡጥ የአቡ ዳቢ ገዢ ሆኑ። የእናት ቃል ኪዳንም ቤተሰቡን ጠብቆ አቆየው።

ዛይድ የልጅነት ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በአል አይን ነው። በዚያን ጊዜ በአቡ ዳቢም ሆነ በአል አይን ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልነበረም። የነበረው የቁርዓን መምህሩ፣ በአገሬው አጠራር የሙጠውው፣ ቤት ነው። ልጆች በመምህሩ ዙሪያ መሬት ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ፤ አንቀጹን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያጠናሉ፤ ሲሸመድዱት ያጥቡትና ቀጣዩን ይጽፋሉ። ይህ ሰሌዳ በዓረብኛ ለውህ የሚባለው ሲሆን፣ በወሎም የቁርዓን ተማሪዎች ሎህ ብለው የሚያውቁት ያው ነው። ሼክ ዛይድ የእስልምናን መሠረተ ትምህርት የተማሩት በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ነበር።

የዚህ ትምህርት ቤት ፈተና ግልጽ ነው። ልጁ በመምህሩ ፊት ቀርቦ የተማረውን በቃሉ ያሰማል። ካልተሳሳተ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይቆያል። ጓደኛው ስለቀደመው አይገፋም፤ ጓደኛው ወደኋላ ስለቀረም አይታሰርም። ቁርዓኑን ሲጨርስ ደግሞ ተውሚና የሚባለው ክብረ በዓል ይደረግለታል። አዲስ ልብስ ለብሶ፣ አብረውት የተማሩት ልጆች ከበውት በሰፈሩ ይዞራል። አንዱ ምስጋናና ጸሎት ሲያሰማ የቀሩት አሚን እያሉ ይቀበላሉ፤ የበዓሉ ስምም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ የሚደግሱለትን ልማድ ያስታውሳል። በሁለቱም አገር የልጁ ውጤት በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰፈሩ ጆሮ ውስጥ ይመዘገባል።

ይህ ሚዛን ድክመትም ነበረው። ዳዊትን በግዕዝ ያለ ስህተት የሚያነበንብ ልጅ የሚያነበውን ላይረዳ እንደሚችል ሁሉ፣ በቃሉ የሚያሰማው የአል አይን ልጅም የቃሉን ፍቺ ላያውቅ ይችላል። ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የጤና ትምህርት በዚያ ሰሌዳ ላይ አይጻፉም ነበር።

በረሃው የሚፈትነው

ወጣቱ ዛይድ ሁለተኛውን ትምህርት ያገኙት ከበረሃው ሰው ከበደዊው ነው። ከበደዊዎች ጋር እየኖሩ ግመል መጋለብን፣ ጭልፊት መግራትን፣ ዱካ መለየትን፣ ውሃ የሚገኝበትን ስፍራ ማወቅን ተማሩ። ከዚህም በላይ ሰው ሲናገር ማዳመጥን፣ የጎሳ ጠብ ሲነሳ ማን ከማን ጋር በምን እንደሚዛመድ ማስታወስን ለመዱ።

በዚህ ትምህርት ቤት መምህሩ ውጤት አይሰጥም፤ ውጤቱን የሚሰጠው ኑሮው ራሱ ነው። ዱካውን በትክክል ያነበበ ግመሉን ያገኛል፤ የተሳሳተ ሌሊቱን ሲንከራተት ያድራል። የጭልፊቱን ጠባይ ያወቀ አዳኝ ይሆናል፤ ያላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጅ አደገ የሚባለውም ዕድሜው ስለደረሰ ሳይሆን፣ ኃላፊነት ሲሰጠው መወጣቱ ስለታየ ነው።

በ1946 ሼክ ዛይድ የአል አይንና የአካባቢዋ አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው የአል ሙወይጂ ምሽግ ነበር። እዚያም በ1948 አንድ እንግዳ መጣባቸው። ይህ ሰው በ1910 በአዲስ አበባ በብሪታኒያ ሌጋሲዮን የተወለደውና ልጅነቱን በኢትዮጵያ ያሳለፈው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን ታላቅ የአሸዋ በረሃ በግመል አቋርጦ የደረሰው ቴሲጀር፣ ሼክ ዛይድን ያገኛቸው ከምሽጉ ደጅ ከሰዎች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። በበደዊዎች ዘንድ ስማቸው የገነነው በማዕረጋቸው ሳይሆን በግልቢያቸው፣ በተኩሳቸውና በፍርዳቸው መሆኑን በመጽሐፉ መስክሯል። በሌላ አነጋገር፣ በረሃው መዝኖ ያሳለፋቸው ሰው ነበሩ።

የቴሲጀር መጽሐፍ የታተመው በ1959 ነው፤ አል ናህያኒያ በሯን የከፈተችበት ያው ዓመት። ተጓዡ የነዳጅ ሀብትና ዘመናዊነት የበደዊውን ሕይወት ያጠፉታል ብሎ በመጽሐፉ አዘነ። በ1977 ወደ አቡ ዳቢ ሲመለስም ያየው ለውጥ አላስደሰተውም። ሼክ ዛይድ ያንኑ ሕይወት ከእርሱ የበለጠ ያውቁት ነበር፤ ይወዱትም ነበር። የመረጡት ግን ትምህርት ቤት መክፈትን ነው። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ቀላል አይደለም። እንግዳው በበረሃው ያየው ጽናትንና ክብርን ነው። አስተዳዳሪው እነዚህን እያዩ፣ በበሽታ የሚሞተውን ሕፃንና ደብዳቤ ማንበብ የማይችለውን አባትም ያያሉ።

ውሃ፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት

አል አይን የሚለው ስም በዓረብኛ ምንጭ ማለት ነው፤ ዐይን ማለትም ነው። ሼክ ዛይድ ሥራቸውን የጀመሩት ከምንጩ ነው። የአል አይን የተምር እርሻዎች የሚጠጡት ፈለጅ በሚባለው የከርሰ ምድር ቦይ ነው። ቃሉ ወንዝ የሚል ትርጉም ካለው የግዕዙ ፈለግ ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይሆንም። ሼክ ዛይድ በአሸዋ የተደፈኑትን ቦዮች አስጠረጉ፤ አል ሳሩጅ የተባለውን አዲስ ፈለጅ አስቆፈሩ፤ እራሳቸውም ከቆፋሪዎቹ ጋር ወርደው ሠሩ። ጥቂት ባለቤቶች ይዘውት የነበረው ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስም የክፍፍሉን ሥርዓት ቀየሩ።

በ1953 ከወንድማቸው ከሼክ ሸኽቡጥ ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በዚያ ያዩት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በልባቸው እንደቀረ ይነገራል። በዚያው ዓመት በጎረቤት ሻርጃ ዘመናዊ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። አቡ ዳቢ ግን ገና ነዳጅ ወደ ውጭ አልላከችም፤ የመጀመሪያው ጭነት የወጣው በ1962 ነው። ስለዚህ አል ናህያኒያ የተቋቋመችው ሀብት ከመምጣቱ በፊት፣ የአካባቢው አስተዳዳሪ በነበራቸው ውስን አቅም ነው።

ይህን ማስተዋል ይገባል። ትምህርት ቤቱ የሀብት ትርፍ አልነበረም። የአንድ ቆራጥ ውሳኔ ውጤት ነበር። ውሳኔውም ዋጋ ነበረው። ግመል የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ በተምር አዝመራ ወቅት አባቱን የሚያግዝ ልጅ በትምህርት ቤት ሲውል ለቤተሰቡ የሚጎድል እጅ አለ። የወረቀት ትምህርት ምን እንደሚጠቅም በዓይኑ ያላየ አባት፣ ልጁን ለዚህ ሚዛን አሳልፎ እንዲሰጥ ማሳመን ያስፈልግ ነበር። አሳማኙም በረሃው ራሱ መዝኖ ያከበረው ሰው በመሆኑ ቃሉ ተደመጠ።

በቀጣዩ ዓመት በ1960 በሼክ ዛይድ ግብዣ ዶክተር ፓት ኬኔዲና ባለቤታቸው ዶክተር ማሪያን ኬኔዲ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ወደ አል አይን መጡ። ሥራቸውን የጀመሩት በተሰጣቸው የጭቃ ጡብ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ያ ጅምር ቀድሞ የኦአሲስ ሆስፒታል ይባል ከነበረውና ዛሬም ከሚሠራው ሆስፒታል ጋር ይያያዛል። በዚያ ዘመን በአካባቢው እናቶችና ሕፃናት በወሊድ ጊዜ በብዛት ይሞቱ ነበር። ስለ ልጅ እድገት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ፊደል ለየ ወይስ አልለየም የሚለው አይደለም፤ በሕይወት አለ ወይ፣ ክብደቱ ይጨምራል ወይ፣ ይሰማል ወይ፣ ያያል ወይ የሚለው ነው። የተራበ ወይም የማይሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢፈተን የሚለካው እውቀቱ ሳይሆን ሕመሙ ነው። የሐኪሙና የመምህሩ መምጣት በአል አይን በአንድ ዓመት ልዩነት መሆኑ፣ የአስተዳዳሪውን አስተሳሰብ ያሳያል።

ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ አገር

ነሐሴ 6 ቀን 1966 ሼክ ዛይድ የአቡ ዳቢ ገዢ ሆኑ። የነዳጅ ገቢው አሁን በእጃቸው ነበር። በአል አይን በአነስተኛ አቅም የተጀመረው ሥራ በመላው ኤምሬት ተስፋፋ። ትምህርት ያለ ክፍያ ሆነ፤ ከዚያም አልፎ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጡ አበል ይሰጣቸው ጀመር። መምህራን ከግብፅ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከፍልስጥኤምና ከሌሎች የዓረብ አገሮች መጡ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1971 የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሲመሠረት ሼክ ዛይድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ ግዴታ፣ በሁሉም ደረጃ ደግሞ ያለ ክፍያ እንዲሆን ደነገገ፤ መሃይምነትን የማጥፋት ዕቅድም በሕግ እንዲወጣ አዘዘ።

ለመተርጎም የሚያስቸግር አንድ ስም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በአማርኛ የትምህርት ሚኒስቴር ብለን የምንጠራው መሥሪያ ቤት በዓረብኛ ሁለት ቃላት አሉት፤ ተርቢያና ተዕሊም። ተዕሊም ማስተማር ነው። ተርቢያ ግን ማደግን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ሲሆን ማሳደግን፣ ማነጽን፣ መግራትን ይይዛል። በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ ስንጽፍ ግማሹ ከእጃችን ያመልጣል። ተዕሊም በፈተና ይለካል፤ ልጁ ማባዛት ቻለ ወይስ አልቻለም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ተርቢያን የሚለካ የፈተና ወረቀት ግን የለም። ልጁ እውነት መናገርን፣ ታላቁን ማክበርን፣ ደካማውን መርዳትን ለመደ ወይ ብሎ ማወቅ የሚችለው አብሮት የሚውል ሰው ነው። ሼክ ዛይድ በበረሃ የተመዘኑበት ሚዛን ይህኛው ነበር።

በ1975 በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት አዋቂዎች ከወንዶች 54 በመቶ፣ ከሴቶች 31 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ራሱ አንድ ምዘና ነው፤ ስለ ልጆች ሳይሆን ስለ አገር የተሰጠ ውጤት። የሴቶቹ ቁጥር ማነስ ማን ወደኋላ እንደቀረ አሳየ። የሼክ ዛይድ ባለቤት ሼካ ፋጢማ ቢንት ሙባረክ በ1973 በአቡ ዳቢ የመጀመሪያውን የሴቶች ማኅበር፣ በ1975 ደግሞ የሴቶች ጠቅላላ ኅብረትን መሥርተው ነበር፤ እናቶች ፊደል የሚቆጥሩባቸው ትምህርቶችም በእነዚህ ማኅበራት ተስፋፉ። ይህም ለልጆቹ ምዘና ትርጉም ነበረው። ማንበብ የምትችል እናት የልጇን ደብተር ገልጣ ታያለች፤ የውጤት ካርዱን ስትቀበል የተጻፈውን ትረዳለች፤ ከመምህሩም ጋር ትነጋገራለች።

ምዘናውን የሚሠራው ሰው

ሼክ ዛይድ ለአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የመረጡላት ከተማ አል አይን ናት። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ በ1976 ተመሥርቶ በ1977 ተማሪ ተቀበለ። ከመጀመሪያዎቹ ፋኩልቲዎች አንዱ የትምህርት ፋኩልቲ ነበር። ከሌላ አገር የመጡት መምህራን ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ሆኖም የአል አይንን ልጅ ቋንቋና ልማድ፣ የእናቱን አነጋገርና የአባቱን ኑሮ ከውስጥ የሚያውቅ መምህር ማፍራት ሌላ ሥራ ነው።

በየካቲት 28 ቀን 1982 ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የወጡት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ሲመረቁ ሼክ ዛይድ በቦታው ተገኝተው ነበር። ከ23 ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የተጀመረው ጉዞ ያን ዕለት ዙሩን ሞላ። በልጅነቱ በወረቀት የተመዘነው ትውልድ አሁን ራሱ መዛኝ ሆነ። የፈተና ወረቀት የሚያወጣው፣ መልሱን የሚያርመው፣ ከመልሱ ጀርባም ያለውን ልጅ የሚያየው መምህሩ ነው። አንድ ልጅ ሰኞ ያልገባው ነገር ሐሙስ እንደገባው የሚያውቀው የዓመቱ ማብቂያ ፈተና አይደለም። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተከታታይ ምዘና የሚባለውም ይኸው የመምህሩ የዕለት ተዕለት ዐይን ነው፤ የቁርዓን መምህሩ በሎህ ዘመን ያደርገው የነበረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በአንድ ወጥ ሚዛን ሊመዘኑ የማይችሉ ልጆችም አሉ። በ2004 በአቡ ዳቢ የተቋቋመውና የሼክ ዛይድን ስም የያዘው ድርጅት የሚሠራው ለእነዚህ ነው። በአገሪቱ ዛሬ አካል ጉዳተኞች የሚጠሩት የቆራጥነት ባለቤቶች በሚል ስም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምዘና ማለት ከእኩዮቹ ስንት እጅ እንዳነሰ መቁጠር ሳይሆን፣ ከትናንት ወዲህ ምን እንደቻለና ነገ ምን እርዳታ እንደሚያሻው መለየት ነው። ለሌሎቹም ልጆች ቢሆን ከዚህ የተሻለ ትርጉም ማግኘት ያስቸግራል።

ሼክ ዛይድ ኅዳር 2 ቀን 2004 አረፉ፤ በአቡ ዳቢ በስማቸው በተጠራው ታላቅ መስጊድ ግቢም ተቀበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ሚዛኑ ብዙ ተቀያይሯል። በ2005 የአቡ ዳቢ የትምህርት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ትምህርት ቤቶችም ራሳቸው በተቆጣጣሪዎች መመዘን ጀመሩ። በ2011 አቡ ዳቢ ቲምስ በተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ጥናት ተሳትፋ ልጆቿን ከሌሎች አገሮች ልጆች ጋር አስተያየች። በ2019 ደግሞ የቅድመ ልጅነት ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ያሉትን የእድገት ዓመታት መከታተል ጀመረ። ኤምሳት የተባለው አገር አቀፍ ፈተና ከ2017 ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በ2024 ይህ ግዴታነቱ ቀርቷል። ፈተናዎች ይመጣሉ፤ ይሄዳሉም።

በ2024 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ፣ የመጀመሪያዎቹ መምህራን የተመረቁበት የካቲት 28 በየዓመቱ የኤምሬትስ የትምህርት ቀን ሆኖ እንዲከበር ወሰኑ። ለመታሰቢያነት ሊመረጡ የሚችሉ ቀናት ብዙ ነበሩ። አል ናህያኒያ የተከፈተችበት አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተበት አለ። የተመረጠው ግን መምህራን ለልጆች የተሰጡበት ቀን ነው። ሎህ ይዞ በመምህሩ ፊት የቀረበ፣ በበረሃም ብዙ ዐይኖች እያዩት ያደገ ሰው ለልጆች ትቶት የሄደው ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። አል አይን ምንጭ ብቻ ሳትሆን ዐይንም ናት፤ ልጅም የሚያድገው የሚያየው ሰው ሲኖር ነው።